ፒኤችፒማይአድሚንን የጫነው ያሳድገው

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። የተማሪዎች ውጤትና ክፍያ የተቀመጠው ቢሮ ጥግ ባለ አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ኡቡንቱ 18.04፣ ማይኤስኪውኤል 5.7፣ ፒኤችፒማይአድሚን 4.6.6። ሁሉንም የጫንኩት በአፕት፣ ማለትም በኡቡንቱ የራሱ የፕሮግራም መጫኛ ነው። ሰንጠረዥ በከፈትኩ ቁጥር ‹ካውንት› የሚል ማስጠንቀቂያ ከታች ብቅ ይልብኛል። አፕግሬድ ስለው ደግሞ አዲስ ነገር የለም ይላል። አንዱ ጓደኛዬ አዲሱን ዚፕ አውርደሽ በአሮጌው ላይ ገልብጪበት አለኝ። ሌላው ዶከር ነው የሚያዋጣሽ ይላል። ሦስተኛው ሁሉንም አጥፍተሽ ኤክዛምፕ ጫኚ ባይ ነው። እኔ የምፈራው ዳታው እንዳይጠፋ ነው። ባለፈው ኤክስፖርት ያደረግኩትን ላፕቶፔ ላይ ስመልሰው የተማሪዎቹ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መጣ። የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ ፍርሃትሽን ወደ ትክክለኛ ቦታው እንውሰደው። ፒኤችፒማይአድሚን ዳታ አይዝም። ዳታቤዙን በብሮውዘር የምታዪበት መስኮት ነው። ውጤቱም ክፍያውም ያለው ዳታቤዙን በሚይዘው ፕሮግራም፣ በማይኤስኪውኤል ዘንድ ነው። መስኮቱን ብትነቅዪው፣ ብትቀይሪው፣ ቢሰበርም ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ባለበት ይቆያል። ዳታ የሚጠፋው መስኮቱን እቀይራለሁ ብሎ ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው ሲመጣ ነው። «ሁሉንም አጥፍተሽ» ያለሽ ሦስተኛው ጓደኛሽ ያንን ነው የመከረሽ።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ዳታሽ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ፒኤችፒማይአድሚን የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ 4.6.6 የተጻፈው ደግሞ ፒኤችፒ 7.2 ከመውጣቱ በፊት ነው። ኮዱ ውስጥ አንዲት ቅንፍ ያለቦታዋ ገብታለች፤ «ካውንት» የተባለው ቆጠራ ሊቆጠር የማይችል ነገር ይቀበላል። የድሮው ፒኤችፒ ይህን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። 7.2 ግን ማጉረምረም ጀመረ። ኡቡንቱ 18.04 ሁለቱን በአንድ ላይ አቀረበልሽ፦ የድሮውን ፒኤችፒማይአድሚንና አዲሱን ፒኤችፒ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ገጥሞታል። ያችን መስመር ከፍተሽ ቅንፏን አስተካክዪ የሚሉ ምክሮች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ይሠራል። ግን አፕት የራሴ ነው የሚለውን ፋይል ነካሽ ማለት ነው። ይሄ ነገር ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል።

ሰው «እንዴት ልጫነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ እኔ «ማን ያሳድግልሃል?» ብዬ ነው የምመልሰው። መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ማሳደግ ግን ዓመታት አብሮሽ ይኖራል። አፕት የጫነውን አፕት ያሳድገው። አንቺ በእጅሽ ያወረድሽውን አንቺ አሳድጊው። አንድ ፎልደር ሁለት ባለቤት ሊኖረው አይገባም። ከቀሩት ምክሮቼ ሁሉ ይሄኛውን ብቻ ብትይዢ ይበቃኛል።

የመጀመሪያው ጓደኛሽ ምክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት እንዲሁ አድርጌ ነበር። አዲሱን ዚፕ አፕት በጫነው ፎልደር ላይ ደፋሁበት። ሠራ። ቡና ጋበዙኝ፣ አቦል ጀባ ተባለ። ከወራት በኋላ አፕት የራሱን ማሻሻያ ይዞ መጣና የራሱ የሆኑትን ፋይሎች መለሰ፤ የእኔን ደግሞ እንዳሉ ተዋቸው። ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆነ። ብሮውዘሩ ነጭ ገጽ ብቻ ማሳየት ጀመረ። ስህተቱን ለማግኘት ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ያንን ቀን ማንም ቡና አልጋበዘኝም።

«አዲስ ነገር የለም» የሚለውን ደግሞ በልኩ አንብቢው። አፕት በዓለም ላይ አዲስ ቨርዥን የለም እያለሽ አይደለም። በዚህ የኡቡንቱ ቨርዥን መደብር ውስጥ የለም ነው የሚልሽ። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ቨርዥኖች ሲወጡ የያዙትን ሶፍትዌር ቁጥር ባለበት ያቆሙታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመጡት የደኅንነት ጥገና ነው። ስለዚህ 18.04 ላይ ዕድሜ ልክሽን አፕግሬድ ብትዪ ፒኤችፒማይአድሚን 5.2ን አታገኚም። 20.04 ላይ 4.9.5 ነው ያለው፣ 22.04 ላይ 5.1.1፣ 24.04 ላይ 5.2.1። የአፕት ፖሊሲ ትእዛዝን የፓኬጁን ስም ሰጥተሽ ብታስኬጂው የተጫነውንና መደብሩ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን ያሳይሻል። ከመገመት ይሻላል።

በዚያ ላይ የ18.04 መደበኛ ድጋፍ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 አብቅቷል። ማይኤስኪውኤል 5.7ም በዚያው ዓመት አብቅቶለታል። እንግዲህ የሚያናድድሽ መስኮቱ ቢሆንም፣ ያረጀው ቤቱ ነው። ኡቡንቱ ፕሮ የሚባል አገልግሎት አለ፤ እስከ 5 ማሽን በነፃ ይሰጣል፤ ለ18.04 የደኅንነት ጥገናውን እስከ 2028 ያራዝምልሻል። ጊዜ ይገዛልሽ ዘንድ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ግን ቨርዥኑን አያሳድግልሽም።

ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ (ጥቅሉ ኢሜጅ ይባላል) ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ ነው። አልጠላውም፤ እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ። ማሳደጉ ቀላል ነው፦ አዲሱን ኢሜጅ ማውረድ፣ አሮጌውን ኮንቴይነር መጣል፣ አዲሱን ማስነሳት። ላንቺ ግን አልመክርም። ኢሜጁ በመቶዎች ሜጋባይት ይመዝናል፤ በሞባይል ዳታ የምታወርጂው ከሆነ ኪስሽ ይሰማዋል። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ ኮንቴይነር ውስጥ «ሎካልሆስት» ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። ማይኤስኪውኤልሽ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት አይቀበልም፣ ስለዚህ «መገናኘት አልተቻለም» ይልሻል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ማይኤስኪውኤልን ለሁሉም አቅጣጫ ይከፍተዋል፤ ሁሉን ማድረግ ለሚችለው ለሩት ተጠቃሚ ደግሞ ከየትም ግባ ብሎ ይፈቅድለታል። ለመስኮት ሲል በሩን ገንጥሎ ጣለ ማለት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ዶከር የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊው በሚባለው የኡቡንቱ ፋየርዎል ቁጥጥር ውስጥ አያልፍም። ዘጋሁት ያልሽው ተከፍቶ ሊያድር ይችላል።

ኤክዛምፕን በአጭሩ ልለፈው። ለመማሪያና ለሙከራ የተሠራ ነው፤ ሠሪዎቹም ይህንኑ ይላሉ። የራሱን ዌብ ሰርቨር አፓችንና የራሱን ዳታቤዝ ማሪያዲቢን ይዞ ይመጣል፣ ካለሽ ጋር በፖርት ይጋጫል፣ ሩቱም ያለ ፓስወርድ ነው የሚመጣው። ያንቺ ዳታ ደግሞ እዚያ ውስጥ የለም። ተማሪዎችሽ ፒኤችፒ ሲማሩበት ደስ ይለኛል፤ የክፍያ መዝገብ ግን አይቀመጥበትም።

ስለዚህ የእኔ ውሳኔ ይህ ነው። ኡቡንቱ 24.04ን በሌላ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ ጫኚ፣ ፒኤችፒማይአድሚንን እዚያ ላይ በአፕት ጫኚ፣ ዳታሽን ከባክአፕ መልሺ፤ ከዚያ በኋላ ማሳደጉን ለአፕት ተዪለት።

ለምን ያለሽበትን ደረጃ በደረጃ አላሳድገውም ብትዪ፣ ይቻላል። ግን ከ18.04 ወደ 24.04 መዝለል የለም፤ 20.04ን፣ ከዚያ 22.04ን ማለፍ አለብሽ። በየደረጃው ብዙ ይወርዳል፣ ብዙ ይፈጃል፣ መሃሉ ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ሐረጎ ዳገት ላይ ነዳጅ የጨረሰች መኪና ሆንሽ፤ ወደ ደሴም አትደርሺ፣ ወደ ኮምቦልቻም አትመለሺ። አነስ ያለ ኤስኤስዲ ገዝተሽ ብትጭኚበት አሮጌው ዲስክ ሳይነካ ይቀመጣል። ችግር ቢፈጠር ገመዱን መልሰሽ መሰካት ነው። ዩፒኤስ ከሌለሽ ከቢሮው ለአንድ ቀን ተዋሺ። ፓኬጅ እየተጫነ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲነሳ አፕት ካጉረመረመብሽ አትደንግጪ፤ የዲፒኬጂን «ኮንፊገር» ትእዛዝ ለሁሉም ፓኬጅ ብታስኬጂው በጅምር የቀረውን ብዙውን ጊዜ ይጨርሰዋል።

ባክአፑ ላይ ግን ረጋ እንበል። የጥያቄሽ ከባዱ ክፍል እሱ ነው።

ከፒኤችፒማይአድሚን ገጽ ኤክስፖርት ማድረግን እርሺው። ለአንዲት ሰንጠረዥ ጥሩ ነው፤ ለሙሉ ዳታቤዝ ግን በፒኤችፒ የጊዜና የሜሞሪ ገደብ መሃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል፤ ስትመልሺው ደግሞ ፒኤችፒ ሲመጣ የተፈቀደለት የፋይል መጠን 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከተርሚናል፣ ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣውን ማይኤስኪውኤልደምፕ የተባለ ትእዛዝ ተጠቀሚ። ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን አማራጭ ጨምሪበት፤ ሰው እየሠራም ቢሆን የአንድ ቅጽበት ምስል ይወስድልሻል። ይህ የሚሠራው ግን ሰንጠረዦችሽ ኢኖዲቢ የሚባለው ዓይነት ከሆኑ ነው። ማይአይሳም የሚባለው አሮጌ ዓይነት ካለሽ ሂሳብ ክፍሏ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ማታ ውሰጂው። ሩቲን የሚለውንም አማራጭ አትርሺ፤ ካልጠየቅሽው ፕሮሲጀሮችን፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡ ትንንሽ ፕሮግራሞችን አይዝም። ካራክተር ሴቱን፣ ማለትም ፊደላት የሚጻፉበትን ኮድ፣ ደግሞ በግልጽ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በዪው።

ወደ ጥያቄ ምልክቱ መጣን። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል 5.7 ካልነገርሽው በቀር አዲስ ዳታቤዝ የሚፈጥረው ላቲን1 በሚባለው ነው፤ እዚያ ውስጥ «ዘ» የሚባል ፊደል ቦታ የለውም። ላፕቶፕሽ ላይ ስሞቹ የገቡበት ሰንጠረዥ በላቲን1 ከሆነ፣ ማይኤስኪውኤል የማያውቀውን ፊደል ጥሎ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ያዢልኝ። ሰንጠረዡ ውስጥ የተቀመጠው ስም ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ያ ቅጂ ሞቷል፤ ከውስጡ ፊደል አይወጣም። ስሙ ዝባዝንኬ የላቲን ፊደል ሆኖ ከታየ ግን ታሟል እንጂ አልሞተም፤ ባይቶቹ አሉ፣ የተነበቡት በተሳሳተ መንገድ ነው። ደግነቱ የሞተው የላፕቶፑ ቅጂ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ደህና ነው።

ደህና መሆኑን ግን አረጋግጪ። የተማሪዎችን ሰንጠረዥ በፒኤችፒማይአድሚን ክፈቺ። «ዘይነባ» የሚለው ስም ዘይነባ ሆኖ ከታየሽ ጥሩ። የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ላይ ዘይነባ ሆኖ ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ዝባዝንኬ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ለዓመታት አማርኛን በላቲን1 ቧንቧ ሲያሳልፍ ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በቀጥታ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብታወጪው ዝባዝንኬው እንዳለ ይጸናል። መፍትሔው በላቲን1 አውጥተሽ፣ ሲወጣ የካራክተር ሴት መግለጫ እንዳይጽፍ ከልክለሽ፣ ፋይሉ ውስጥ የሰንጠረዦቹን መግለጫ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይረሽ በዚያው ማስገባት ነው። ይህን በቅጂ ላይ ብቻ ሞክሪ። ዋናው ላይ እጅሽን እንዳታሳርፊ።

ባክአፕ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ ባክአፕ አይባልም። አዲሱ ዲስክ ላይ መልሺው፣ የተማሪዎቹን ረድፍ ብዛት ከሁለቱም በኩል ቁጠሪ፣ የአሥር ልጅ ስምና ክፍያ አንድ በአንድ አስተያዪ። ከዚያ ፋይሉን በፍላሽ ወደ ሌላ ክፍል ውሰጂው። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ያለ ቅጂ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ነው የሚሞተው።

ከ5.7 ወደ 24.04 ስትሄጂ ማይኤስኪውኤል 8.0 ነው የምታገኚው። ሦስት ነገር ይጠብቅሻል። አንደኛ፣ «ማይኤስኪውኤል» የተባለውን የውስጥ ዳታቤዝ ይዘሽ አትሂጂ፤ ተጠቃሚዎችን እዚያው በእጅሽ እንደ አዲስ ፍጠሪ። ሁለተኛው ለትምህርት ቤት ልዩ ነው፦ 8.0 ላይ «ራንክ» የሚለው ቃል ለራሱ ተይዟል። የተማሪ ደረጃ የያዘው ዓምድ በእንግሊዝኛ ራንክ ተብሎ ከተሰየመ፣ ዳታው በሰላም ይገባል፤ ዓምዱን ያለ ባክቲክ ምልክት የሚጠራው የፕሮግራሙ ኮድ ግን ይወድቃል። የውጤት ካርድ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ይህ ዓምድ ሲጠፋ ብዙም አላየሁ። ሦስተኛ፣ ትሪገር (ዳታ ሲቀየር በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ወይም ፕሮሲጀር ካለሽ ፋይሉ ውስጥ «ኖ አውቶ ክሬት ዩዘር» የሚል የድሮ ሞድ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ 8.0 ስለማያውቀው ማስገባቱ እዚያ ላይ ይቆማል። ከፋይሉ ውስጥ አጥፊውና ቀጥዪ።

የምክሬ ገደብም እዚሁ ነው። ፒኤችፒማይአድሚን 5.2.1 ከ24.04 ፒኤችፒ 8.3 ጋር ይስማማል። የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ይስማማ እንደሆነ ግን የሚታወቀው ሲሞከር ነው። ለ7.2 ተጽፎ ያልተነካ ኮድ 8.3 ላይ ብዙ ቦታ ይሰናከላል፤ ያቺ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆና የቆየችው የቆጠራ ስህተት ራሷ ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ሥራ የምታቆም ስህተት ሆናለች። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እስኪያስተካክለው መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ 18.04 ላይ ኡቡንቱ ፕሮን አስገብተሽ ቆዪና መስኮቱን ብቻ ለጊዜው ቀይሪ።

ለጊዜው የሚሆነው መንገድ የዚፑ ነው፤ ጓደኛሽ እንዳለው ግን አይደለም። 5.2 የሚፈልገው ፒኤችፒ 7.2.5ና ከዚያ በላይ ነው፤ 18.04 ላይ ያለው 7.2.24 ይበቃዋል። ከፒኤችፒማይአድሚን የራሱ ድረ ገጽ አውርጂ እንጂ ከቴሌግራም ቻናል አትውሰጂ። አጠገቡ የተጻፈውን፣ የፋይሉ አሻራ የሆነውን የሻ256 ቁጥር ካወረድሽው ፋይል ቁጥር ጋር አስተያዪ። ከአፕት ፎልደር ውጭ፣ ኦፕት በሚባለው ፎልደር ሥር፣ የቨርዥኑ ቁጥር በስሙ ላይ ባለበት የራሱ ፎልደር ውስጥ ፍቺው። አፓችን በቀጥታ ወደዚያ አታመልክቺው፤ ወደ ፎልደሩ የሚጠቁም ሲምቦሊክ ሊንክ ፍጠሪና ሊንኩን ያንብብ። የናሙናውን የኮንፊግ ፋይል ገልብጠሽ ብሎውፊሽ ሲክሬት በሚለው ቦታ 32 የእንግሊዝኛ ፊደል የሆነ የዘፈቀደ ጽሑፍ አስገቢ፤ የልጅሽን ስም አይደለም። አፓች የሚጽፍበት ቴምፕ ፎልደር ስጪው። ሴትአፕ የሚለውን ፎልደር አጥፊ። ቀጣዩ ቨርዥን ሲወጣ አዲስ ፎልደር ውስጥ ትፈቺዋለሽ፣ ኮንፊጉን ትገለብጪለታለሽ፣ ሊንኩን ታዞሪያለሽ። ካልሠራ ሊንኩን መመለስ ነው፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ዋጋው፣ አዲስ ቨርዥን መውጣቱን የምትከታተዪው አንቺ መሆንሽ ነው። ብትረሺ የሚያስታውስሽ የለም።

የአፕቱን ፒኤችፒማይአድሚን ስታነሺ ሪሙቭ (ፕሮግራሙን ብቻ አንሳ) በዪ፣ ፐርጅ (ከነኮንፊጉ አጥፋ) አትበዪ። ፐርጅ ስትዪ «ዳታቤዙን ላጥፋ?» ብሎ ይጠይቅሻል። የሚጠይቀው ፒኤችፒማይአድሚን የራሱን ማስታወሻ ስለሚይዝበት ትንሽ ዳታቤዝ ነው፣ ስለ ተማሪዎችሽ አይደለም። የማይኤስኪውኤል ሰርቨርን ፐርጅ ስትዪ ግን ጥያቄው ስለ ሁሉም ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ማታ ደክሞሽ ኢንተር የምትጫኚበት ሥራ አይደለም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ ሩትን ለዚህ መስኮት አትስጪው። ኡቡንቱ ላይ የማይኤስኪውኤል ሩት በተለምዶ በፓስወርድ ሳይሆን በሲስተሙ ሩት በኩል ነው የሚገባው፤ ፒኤችፒማይአድሚን ላይ «አይፈቀድም» የሚልሽ ለዚያ ነው። ብዙ ቪዲዮ ይህን እንዴት እንደምታፈርሺ ያስተምራል። አታፍርሺው። የትምህርት ቤቱን ዳታቤዝ ብቻ የሚነካ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠሪ። ገጹን ደግሞ አፓች ላይ ለግቢው ኔትወርክ፣ ከተቻለም ላንቺ ኮምፒውተር ብቻ ክፈቺው። ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ይህን ስም ብቻ እየፈለጉ ቀን ከሌት የሚዞሩ ሮቦቶች አሉ፤ ሰኞ ገበያ መሃል ቦርሳ ከፍቶ እንደ መቆም ነው። ከቤት መሥራት ካስፈለገሽ በኤስኤስኤች ቱኔል፣ ማለትም በተመሰጠረ የርቀት መተላለፊያ ግቢ። እንዲያውም የምትጠቀሚበት አንቺ ብቻ ከሆንሽ ዲቢቨር የተባለውን የዳታቤዝ መመልከቻ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ በዚያው ቱኔል መግባት ትችያለሽ፤ ሰርቨሩ ላይ የሚጫንም የሚሻሻልም ገጽ አይኖርም።

ሥራውን ነሐሴ ላይ አድርጊው፣ የመስከረም ምዝገባ ሳይጀመር። አሮጌውን ዲስክ ስትነቅዪ ቀኑን በማርከር ጻፊበትና መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት። የመጀመሪያው መንፈቅ የውጤት ካርድ ከአዲሱ ሰርቨር ታትሞ ወላጅ እጅ እስኪገባ ድረስ ፎርማት አታድርጊው።